ውሃ ቶሎ የሚጠጣው መሬት

ከእኔ ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ የሚቀመጡት ተማሪዎች ገና ጢም አላበቀሉም። እኔ ጢሜን ተላጭቼ ነው የምገባው። ትምህርት ቤት ከገባሁ የመጀመሪያው ዓመቴ ቢሆንም ዕድሜዬ ለመምህራችን ይቀርባል። በቅርቡ መምህራችን «እያንዳንዳችሁ የምታውቁትን ሥራ ጻፉ፤ ያላያችሁትን አትጻፉ» ብለው ባዘዙን ጊዜ ልጆቹ ስለ አባቶቻቸው እርሻና ንግድ ቶሎ ቶሎ ጻፉ። እኔ ግን አመነታሁ። የማውቀው ሥራ በጨዋ ሰው ፊት ስሙ አይጠራም። ይህንኑ ቀርቤ ስነግራቸው «ንጹሕ አድርገህ ከጻፍኸው ንጹሕ ነው» አሉኝ። ስለዚህ እንደ ችሎታዬ ንጹሕ አድርጌ ለመጻፍ እሞክራለሁ።

ሥራዬ የሽንት ቤት ጉድጓድ መጥረግና የወጣውን ዝቃጭ አድርቆ አፈር ማድረግ ነበር። በመጀመሪያ በወለንጪቲ፣ ቀጥሎ በሞጆ፣ በመጨረሻ በአዳማ ሠርቻለሁ። ደመወዙ ጥቂት ነበር፤ ቢሆንም በጊዜው ይከፈለን ስለ ነበር ስለ እርሱ የምለው የለኝም። የምጽፈው ስለ ሥራው፣ ሥራውን ስላስተማሩኝ ስለ ጋሼ ወልዴና በአዳማ አቅደነው ስለ ፈረሰብን ነገር ነው።

የተወለድሁት ከወለንጪቲ አጠገብ ነው። ስሜ ቶላ ነው፤ አባቴ ከብት አርቢ ነበሩ። በእኛ መንደር ሰው ለመጸዳዳት ሜዳ ይወጣል፤ የቀረውን ፀሐይና ጅብ ይጨርሱታል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አያስበውም። ባቡር መጥቶ ጣቢያ ከተሠራ ወዲህ ግን ቤት ከቤት ተጠጋ። ጠጅ ቤቱ፣ ሻይ ቤቱና የእህል መጋዘኑ በረከተ። ለዚያ ሁሉ ሰው ጉድጓድ ተቆፈረ። ጉድጓድ ሲቆፈር የሚሞላ አይመስልም።

የወለንጪቲው አለቃችን የሚያውቁት ዘዴ አንድ ብቻ ነበር፤ የሞላውን አፈር አልብሶ ከጎኑ ሌላ ማስቆፈር። ጥቂት ዓመት እንዲህ ከሠራን በኋላ በአንድ ጠጅ ቤት ግቢ የእንግዳ በቅሎ በተደፈነ ጉድጓድ ላይ ታስራ ኖሮ የኋላ እግሯ እስከ ጭኗ ሰመጠ። እኛ በገመድ ስንጎትት ባለ በቅሎው ከዳር ቆሞ «እናንተ ሰዎች፣ ግቢያችሁ መሬት የለውም እንዴ?» አለ። ጠጪው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ነገሩ ግን እውነት ነበር። በዚያ ግቢ የሚቆፈር መሬት አልቆ ነበር።

ወደ ሞጆ ስዛወር ደግሞ ዘዴው ወደ ወንዝ መድፋት ሆነ። አንድ ጠዋት ከወንዙ ታች ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ድንጋይ ይዘው መጡብን። ከፊት የነበረችው ሴት ድንጋዩን አልወረወረችም። «ላይ ያላችሁት የበላችሁትን ታች ያለነው እንድንጠጣ ነው?» ብላ ብቻ ጠየቀችን። በማግሥቱ ትንሽ ዝቅ ብለን ደፋን።

ጋሼ ወልዴን ያወቅሁት ከዚህ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ አዳማን የሚያስተዳድሩት ግራዝማች ታፈሰ ነበሩ። የአዳማ ዝቃጭ ከገበያው በላይ ባለው ቦረቦር ይጣል ነበር። አዳማ በተራሮች መካከል እንደ ገበታ የተቀመጠች ስለ ሆነች በከተማው ሳይዘንብ ከተራራው የወረደ ጎርፍ በድንገት ይደርሳል። ያ ጎርፍ በአንድ የገበያ ቀን የቦረቦሩን ጉድ ሁሉ ይዞ ከአርሲ በመጣው የእህል ጆንያ ላይ አለፈ። ነጋዴዎቹ አቤት አሉ። ግራዝማችም ይህን ሥራ የሚያውቅ ሰው ከድሬዳዋ አስመጡ። ያ ሰው ጋሼ ወልዴ ነበሩ። ሠራተኛ ሲፈልጉ ሞጆ ደርሰው እኔን ወሰዱኝ።

ጋሼ ወልዴ በወጣትነታቸው ኖራ አቃጣይ ነበሩ። የኖራው ብናኝ ቅንድባቸውን አመናምኖት ፊታቸው ሁልጊዜ የተገረመ ይመስል ነበር። ዝቃጭን በኖራና በአመድ መግራት የተማሩት በድሬዳዋ ነው። ወደ ሰው ግቢ ከመግባታቸው በፊት ከአጥሩ ውጭ ቆመው ስለ ጤና፣ ስለ ልጆችና ስለ ዝናብ ይጠይቃሉ። የመጡበትን ጉዳይ ግን ራሷ ባለቤቲቱ እስክታነሣው ድረስ አያነሡም። እኔ በዚህ ስሰለች «ሰው በጉድጓዱ ያፍራል፤ ያፈረ ሰው ደግሞ እውነቱን አይነግርህም። ጠርሙስ ጥዬበታለሁ አይልህም፤ አንተ ገብተህ እግርህ ሲቆረጥ ታገኘዋለህ» አሉኝ። እውነትም እርሳቸው ከጠየቁበት ግቢ ሳናውቀው የቆረጠን ነገር አልነበረም።

ሁልጊዜ ጠዋት ከሥራ በፊት ጥፍራቸውን በቢላ ይቆርጣሉ፤ የእኔንም አስዘርግተው ያያሉ። ሥራ ስንጨርስ በአመድ፣ ከዚያም በእንዶድ እንታጠባለን። ልብስ ሳይለውጡ እህል አይቀምሱም። ከመንቀሳቀሳችንም በፊት አንድ ጭብጥ አፈር በትነው ነፋሱን ያያሉ፤ ጋሪያችን ሽታው ወደ ሰፈሩ በማይነፍስበት በኩል እንዲያልፍ ነው። ጋሪውን የሚነዳው ሁሴን የሚባል የአርሲ ሰው ነበር። ጠዋት ሲያገኘኝ «አካም ቡልቴ ቶላ» ብሎ ሰላምታ ይሰጠኛል፤ ቀጥሎ ቀልዱን ይጀምራል።

«በዚህ አገር እንደ እኔ በሰላም የሚሄድ ነጋዴ የለም» ይል ነበር። «ሽፍታ ሲያየኝ መንገድ ይለቅልኛል።»

«ቀረጥም አይጠይቁህ» ይሉታል ጋሼ ወልዴ።

«ቢጠይቁኝ ደስ ይለኝ ነበር። ከዕቃው ቀንሼ እከፍላቸዋለሁ።»

ማድረቁ የሚሠራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ መሬቱ በጥልቀት ይጠረግና መደብ ይሠራል። ከሥር ቀይ አሸዋ፣ ከላዩ ደቃቅ አሸዋ ይነጠፋል። ከዚያ ከኖራና ከአመድ ጋር የተለወሰው ዝቃጭ አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ይፈስሳል። ከዚያ ከወፈረ ላዩ ይደርቅና ውስጡ እንደ ታመመ ሰው ይቀራል። ውሃው ወደ ታች ይወርዳል፤ የቀረው ይሰነጣጠቃል፤ ያን ጊዜ በአካፋ ይገለበጣል። ክረምት ሲገባ በሳር ክዳን ይሸፈናል። በዚህ ዓይነት ክረምትና በጋ ከተፈራረቁበት በኋላ ጥቁር፣ ሽታ የሌለው አፈር ይሆናል። ጋሼ ወልዴ ጭብጥ አድርገው ይጨምቁታል። የጣታቸውን ቅርጽ ከያዘ «ገና ነው» ይላሉ። ከተበተነ ደግሞ በገል ላይ አድርገው ፌጦ ይዘሩበታል። ፌጦ ነገር አይችልም፤ አፈሩ ካልበሰለ ቡቃያው ጫፉ ይቃጠላል። እኩል ከበቀለ አፈሩ ደርሷል ማለት ነው።

የመጀመሪያውን የደረሰ አፈር በመልካሳ በኩል አዋሽ ዳር ብርቱካንና ሽንኩርት ለሚተክሉ አትክልተኛ ወሰድንላቸው። እርሳቸው አፍንጫቸውን ይዘው «ይህንማ ከአትክልቴ አታስጠጉት» አሉ። ጋሼ ወልዴ አልተከራከሩም። ጥቂቱን ከአጥሩ ጥግ ትተው ሄዱ። በሚቀጥለው ዓመት አትክልተኛው ራሳቸው አህያ ጭነው መጡ። እኔ በሥራዬ ደስ ብሎኝ የማውቀው ያን ቀን ነው።

ግራዝማች ይህን ሲሰሙ እጅግ ደስ አላቸው። ጠርተውን «አሁን ያላችሁበት መደብ ጠባብ ነው። ባቡሩ በየጊዜው ሰው ያራግፋል። ለእኔ ዘመን ብቻ ሳይሆን ለልጅ ልጆቻችን የሚበቃ ቦታና ሥርዓት አስቡልኝ» አሉ።

ጋሼ ወልዴ በዚህ ነገር ወራት አሰቡ። ስንሠራ ያስባሉ፤ ስንበላ ያስባሉ። «ከተማ እንደ ልጅ ነው፤ ልብሱን በልኩ ከሰፋህለት በዓመቱ ይጠበዋል» ይሉ ነበር። በመጨረሻ ያቀረቡት ሐሳብ ይህ ነው። ከከተማው ርቆ ሰፊ መሬት ይያዝ፤ መሬቱ ይከፋፈል፤ አንዱ ክፍል ሲቀበል ሌላው ይደርቅ፣ ሌላው ይረፍ፤ ከተማው ሲያድግ በጎን የሚጨመር ክፍል ከአሁኑ ይተው። ወለንጪቲና ሞጆም በዚሁ ልክ መደብ ይሥሩ። የሦስቱም ከተሞች አፈር ወደ አዋሽ ዳር አትክልት ይሂድ። ማንም ወደ ወንዝ፣ ማንም ወደ ቦረቦር አይድፋ። ግራዝማች ይህን ለሌሎቹ ከተሞች ሹማምንት አስረድተው እሺ አሰኙአቸው። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ መሬቱን መምረጥ።

መሬት የሚመረጠው ውሃ በማጠጣት ነው። ክንድ የሚያህል ጉድጓድ ቆፍረን አንድ እንስራ ውሃ እናፈስሳለን። ጋሼ ወልዴ ከአጠገቡ ተቀምጠው አቡነ ዘበሰማያት ይደግማሉ፤ ውሃው ተመጥጦ እስኪያልቅ ስንት ጊዜ እንደ ደገሙ ያያሉ። ቶሎ የሚጠጣ መሬት ለመደብ ጥሩ ነው፤ ዝቃጩ ቶሎ ይደርቅበታል፤ ሽታም ዝንብም አይቆይበትም። ውሃ የሚያቁር መሬት ግን ያበላሻል። ይህን ያስተማሩአቸው ሰዎች በድሬዳዋ እንዲሁ ያደርጉ ነበር፤ ዘዴው እርሳቸውንም አንድም ቀን አሳስቶአቸው አያውቅም።

በደቡብ በኩል ያለውን ጥቁር መሬት ሞከርን። ጋሼ ወልዴ ደግመው ደግመው እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ሲነቁ ውሃው እንደ ቆመ ነበር። ድንጋያማውንም ሞከርን፤ መቆፈሪያው ተሰበረ። ከዚያ በምሥራቅ፣ ግራር በበዛበት ሜዳ ላይ አመድ የመሰለ ነጭ አፈር አገኘን። ውሃውን አፈሰስን። ጋሼ ወልዴ «አሜን» ከማለታቸው በፊት ውሃው አለቀ። ሌላ እንስራ ጨመርን፤ እርሱንም ጠጣ።

«ይህስ ከጠጅ ቤቱ ደንበኞች ይብሳል» አለ ሁሴን።

ጋሼ ወልዴ እንደ ልጅ ሳቁ። በዚያ ሜዳ ከብት የሚያሰማሩትን ሽማግሌዎችም በኦሮምኛ ጠየቅኋቸው። «ጥሩ መሬት ነው፤ በክረምት እንኳ ከብት አይሰምጥበትም» አሉኝ። ግራዝማችም ራሳቸው መጥተው መሬቱ ውሃውን ሲጠጣ አዩና አደነቁ። መሬቱ ተያዘ።

መሬቱ ይጠጣ እንደ ሆነ ጠየቅን። የጠጣው የት እንደሚሄድ አንድም ሰው አልጠየቀም።

እዚህ ላይ ስለ እመት ዘይነባ መናገር አለብኝ። እመት ዘይነባ ከወሎ መጥተው አዳማ የሰፈሩ ባለቤታቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ያስቆፈሩት የውሃ ጉድጓድ በምሥራቁ ሰፈር ዳር ነበረ፤ ያ ሰፈር ሁሉ የሚጠጣው ከእርሱ ነው። ጥልቅ ስለ ሆነ ገመዱን ሁለት ሰው ይስበዋል፤ ብዙ ጊዜ የሚስቡት እመት ዘይነባና ልጃቸው ሉባባ ነበሩ። ሉባባ ገና አራስነቷን የጨረሰች፣ ሕፃኗን በጀርባዋ አዝላ ውሃ የምትቀዳ ሴት ነበረች። ጋሼ ወልዴ የተከራዩት ቤት በዚሁ ግቢ ነበር። አዲሱ መደብ ሲጀመር ከጉድጓዱ እጅግ የራቀ ቢሆንም እመት ዘይነባ ስጋታቸውን ነገሩአቸው። ጋሼ ወልዴም «መደቡ ከእርስዎ ውሃ እንዳይደርስ እኔ አለሁ» አሉአቸው። ከዚያ ወዲህ እመት ዘይነባ ደግመው አልጠየቁም።

መደቡ መልካም ሆኖ ሠራ። ከሞጆም ከወለንጪቲም ሰዎች መጥተው አዩት። እኔም ሥራውን ለሰው ለማሳየት የበቃሁ ሆንሁ። ከዚያ ያ ክረምት መጣ።

በነሐሴ አንድ ጠዋት፣ ሌሊቱን በተራራው ላይ ከባድ ዝናብ ሲጥል ካደረ በኋላ፣ ሁሴን ያለ ጋሪው በእግሩ መጣ።

«ጋሼ፣ መደቡ የለም» አለ።

«ጎርፍ ወሰደው?»

«ጎርፍ ቢወስደው የወሰደበትን አገኝ ነበር። የለም ነው የምልዎ።»

ሮጠን ሄድን። ምድር ተሰንጥቃ ነበር። ስንጥቁ ገመድ ተዘርግቶ የተቆረጠ ይመስል ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አንዳንድ ቦታ ሰው ሊሻገረው ይችላል፤ አንዳንድ ቦታ ግን በቅሎም አትዘለውም። አንድ ትልቅ ግራር ሥሩ ተገንጥሎ በላዩ ተጋድሟል። የመደባችን የሳር ክዳን በአንድ ጫፉ ብቻ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ገና በቅርብ ያፈሰስነው፣ ምንም ያልደረቀው ዝቃጭ የነበረበት ክፍል እንዳለ ወርዷል። ከሜዳው የተሰበሰበው ጎርፍ አሁንም ወደ ውስጥ እየገባ ነበር።

ጋሼ ወልዴ ተንበርክከው ድንጋይ ጣሉና ጆሮአቸውን ሰጡ። ከዚያ ሌላ ጣሉ። ምንም አልተሰማም። ኋላ የአገሩ ሽማግሌዎች ነጩ አፈር ከሥሩ ባዶ ሆኖ በክረምት እንዲህ የሚከፈትበት ጊዜ በሌላ ሥፍራ እንደ ነበረ፣ በዚህ ሜዳ ግን አይተው እንደማያውቁ ነገሩን። ያ መሬት እንደዚያ ይጠጣ የነበረው ለዚህ ነው። ከሞከርናቸው መሬቶች ሁሉ ስንጥቅ ከሥሩ ያለበትን በራሳችን ዘዴ አጣርተን መርጠን ነበር።

ጋሼ ወልዴ ተነሥተው በስንጥቁ ርዝመት ተመለከቱ። ከግራሮቹ ባሻገር ከላይ አይታይም፤ አቅጣጫው ግን ወደ ምሥራቁ ሰፈር ነበር።

ልብሳቸውን ሳይለውጡ ወደ እመት ዘይነባ ሄዱ። ወደ ሰው ቤት እንዲህ ሆነው ሲገቡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የሆነውን ሁሉ ነገሩአቸው። እመት ዘይነባ ከሉባባ ጋር ገመዱን ሳቡና ውሃውን በነጭ ሳህን አድርገው አቀረቡላቸው።

«ይዩት» አሉ። «እንባ ይመስላል።»

ጋሼ ወልዴ አጎንብሰው አሸተቱ፤ ምንም የለውም። «ለጊዜው ባይቀዳስ፣ እመት ዘይነባ?»

«ሰፈሩስ ምን ይጠጣ? አዋሽ ሩቅ ነው፤ አሁን ደግሞ ደፍርሷል። አንቱ በዚህ ውሃ ውስጥ ያዩት ነገር አለ?»

«አላየሁም። ፈርቼ ነው።»

«በፍርሃት ጉድጓድ አይዘጋም፣ ጋሼ ወልዴ።»

ከዚያ ወደ ግራዝማች ሄድን። ግራዝማች ክፉ ሰው አልነበሩም። ብዙ አሰቡና «ውሃው እንዲህ ጠርቶ ሳለ ዝጉ ብል ሰፈሩ ይነሣብኛል። የሚታይ ነገር አምጣልኝና እዘጋለሁ» አሉ። የሚታይ ነገር አልነበረንም። ጋሼ ወልዴ ከቤት ቤት እየዞሩ ሰዉ ውሃውን አፍልቶ እንዲጠጣ ለመኑ። ማገዶው እርጥብ ነበር። አንዳንዱ አፈላ፤ ብዙው ግን የጠራውን ውሃ እያየ «ምን ሆነና?» አለ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ በሰፈሩ ተቅማጥ ገባ። በክረምት ተቅማጥ ሁልጊዜም አለ፤ በዚያን ጊዜ የነበረው ግን ሌላ ነበር። ሰው ጠዋት ታሞ ማታ ዓይኑ ይጎደጉዳል። ሉባባም ታመመች። ጋሼ ወልዴ ውሃ በጨው አፍልተው ያመጡላት ነበር፤ አልረጋላትም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሞተች፤ በዚያው ቀን ተቀበረች። ሕፃኑ ከአያቱ ጋር ቀረ።

የለቅሶው ሰው ከሄደ በኋላ እኔና ጋሼ ወልዴ በራቸው ላይ ተቀምጠን ሳለ እመት ዘይነባ ሕፃኑን አዝለው፣ በእጃቸው አንድ ቆርቆሮ ላምባ ይዘው መጡ። ከፊታችን አስቀመጡት።

«ይህን ስንጥቁ ውስጥ ያፍስሱት» አሉ።

«ለምን?»

«ሌላው ነገር በውሃ ይጠራል። ላምባ ግን ሽታው አይደበቅም። ወደ ጉድጓዴ መንገድ ካለ ይመጣልኛል።»

«እመት ዘይነባ፣ ከመጣ ጉድጓዱ ጠፋ ማለት ነው። ላምባ የነካውን ውሃ እንስሳም አይጠጣው።»

«አውቃለሁ።»

«ካልመጣስ?»

«ካልመጣ ለልጄ ሞቷን ያጠጣኋት እኔ አይደለሁም። እተኛለሁ።»

«ቢታወቅ ምን ይጠቅምዎታል?» አሉ ጋሼ ወልዴ በዝቅተኛ ድምፅ።

«ሰዉ አሁንም እየቀዳ ነው» አሉ እመት ዘይነባ። «ዝጉ ብዬ ነገርኋቸው። ልጇ ሞታባት ነው የምትለው አሉኝ።»

ሄደን አፈሰስነው። ቆርቆሮውን የያዝሁት እኔ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዘነበ። ከዚያ በኋላ በነበረው ጁምዓ፣ ሰዎች ከሶላት ሲመለሱ፣ እመት ዘይነባ ከአንዲት ጎረቤት ጋር ገመዱን ሳቡ። የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ቆሟል። ባልዲው ከጉድጓዱ አፍ ሳይደርስ ሽታው ደረሰ። ለማሽተት ያጎነበሰ ሰው አልነበረም። ከኋላ አንዲት ሴት የሞላ እንስራዋን መሬት ላይ ቀስ አድርጋ ደፋችው።

እመት ዘይነባ ባልዲውን ፈቱ፤ ገመዱን ከእንጨቱ ላይ ፈትተው በክንዳቸው ጠቀለሉት። ለጋሼ ወልዴ ሰጡአቸውና «አዲስ ገመድ ነው፤ ለሥራችሁ ይሆናል» ብለው ወደ ቤት ገቡ። ይህን የተናገሩት ለመስደብ አልነበረም። ለመስደብ ቢሆን ለጋሼ ወልዴ ይሻላቸው ነበር ብዬ አስባለሁ።

ጉድጓዱ ተዘጋ። ሰፈሩ ከአዋሽ በአህያ በሚመጣ ውሃ መኖር ጀመረ፤ ያልቻለው ቤቱን ትቶ ሄደ። ሞጆና ወለንጪቲ የጀመሩትን መደብ ተዉት። ማንም አልነቀፋቸውም፤ እኛም ቀጥሉ ለማለት አፍ አልነበረንም። ጋሼ ወልዴ ቆይተው ወደ ድሬዳዋ ተመለሱ፤ ኖራ ያቃጥላሉ ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት መሬትን ሳይከፍቱ ውስጧን ማየት የተማረ ሰው ካለ ልጠይቀው ብዬ ነው። መምህራችንን ጠይቄአቸዋለሁ፤ እንደማያውቁ በቅንነት ነገሩኝ።

ሥራውን የተውሁበትን ቀን ግን መጻፍ ይቀረኛል። ጉድጓዱ በተዘጋ ሰሞን ግራዝማች ጋሼ ወልዴንና እኔን ወደ ግቢያቸው አስጠሩን። ክረምቱ አልወጣም፤ የከተማው ጉድጓዶች ሁሉ ሞልተው ነበር። በዚያ ጠዋት ከጣቢያው አጠገብ ካለ ማደሪያ ቤት የጠረግነው ጭነት በጋሪው ላይ ነበር፤ ሁሴን ከበሩ ውጭ ይዞት ቆሟል።

ግራዝማች «ወልዴ፣ ሐሳብህ መልካም ነው፤ የከዳን መሬቱ ነው። ሌላ ቦታ አሳየኝና እንደገና እንጀምር» አሉ።

«ጥቁሩ መሬት አለ፣ ጌታዬ።»

«እርሱን እንያዝ።»

«ውሃ አይጠጣም። በክረምት ይሞላና ከላዩ ይፈስሳል።»

«ወዴት ይፈስሳል?»

«ወደ ቤቶቹ።»

«በሰሜን በኩልስ?»

«እርሱ ይጠጣል።»

«ከሥሩ ስንጥቅ አለበት?»

«አላውቅም፣ ጌታዬ።»

«እንዴት ይታወቃል?»

«ሲከፈት።»

ግራዝማች እጃቸውን በፊታቸው ላይ አሳለፉ። ጋሼ ወልዴን ባወቅሁአቸው ዘመን ሁሉ አንድ ሰው «ይህን የት እናድርገው?» ሲላቸው መልስ ሳይኖራቸው ቀርቶ አያውቅም። አሁን መሬት መሬት ያዩ ነበር።

ሁሴን አንገቱን በበሩ አስገብቶ «ጋሼ፣ በቅሎዋ ቆማ ደከመች» አለ። «ወዴት ልንዳ?»

ጋሼ ወልዴ ቀና ብለው ግራዝማችን አዩ። ግራዝማች ፊታቸውን አዞሩ።

«ወደ ቦረቦሩ» አሉ ጋሼ ወልዴ።

«ነገ እኮ ገበያ ነው» አለ ሁሴን።

«አውቃለሁ።»

ተራራው በዝናብ ጠቁሮ ነበር። ጋሼ ወልዴ ከግቢው ወጡና ጋሪውን ተከትለው ሄዱ፤ እኔም የበቅሎዋን ልጓም ይዤ መራሁ።